የ4 ዓመት ልጅ ይዞ ተራራ፦ ሰዓቱን በትንሿ እግር አስሊው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሳችን የመጀመሪያ ጉዞ ነው ትዝ ያለኝ። በእረፍት ቀን የ4 እና የ9 ዓመት ልጆችሽን ይዘሽ ተራራ ልትወጪ አስበሻል። ባለቤትሽ ጫፉ ላይ ካልደረስን ምኑን ወጣነው ይላል። ትልቁ ልጅ ከወዲሁ "ይደብራል" እያለ ነው። ትንሿስ ትችለዋለች ወይ፣ ምንስ እንያዝ ብለሻል። እኛ ከልጆች ጋር መውጣት ከጀመርን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ሰዓቱን በትንሿ ልጅ እግር አስሊው፤ በባለቤትሽ እግር አይደለም። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ዊልያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት አለ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ትይዣለሽ። ሽቅብ ለምትወጪው ለየ600 ሜትሩ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ትጨምሪበታለሽ። የእኛ መንገድ ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 300 ሜትር ነበር። ስሌቱ 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይመጣል። እኛም ሁለት ሰዓት ይበቃናል ብለን ከምሳ በኋላ ተነሳን። ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀብን። ለካ ስሌቱ የወጣው ለጠንካራ አዋቂ ነው። ዕረፍት የለበትም፤ ጠጠር የሚለቅም ልጅም የለበትም።

የዚያን ቀን ወንድ ልጄ ልክ እንደ ትንሿ ልጅሽ 4 ዓመቱ ነበር። ጅረት ዳር ቁጭ ብሎ ጠጠር ይመርጣል። ጠፍጣፋውን ለብቻ፣ ክቡን ለብቻ ይደረድራል። ከዚያ አንድ በአንድ ውሃው ውስጥ እየጣለ ድምፁን ያዳምጣል። እኔ "ተነሥ በቃ፣ ይመሻል" እያልኩ እጁን እጎትታለሁ። እሱ የመጣለትን ነገር አግኝቶ ነበር። እኔ ነኝ የነጠቅሁት። እንዲያም ሆኖ ስንመለስ ጨለመብን። የነበረን መብራት የአንድ ስልክ ባትሪ ብቻ ነው። ልጁ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ያለቅሳል፤ እህቱ የአባቷን ቀበቶ ይዛ ከኋላ ትከተላለች። ማንም አልተጎዳም፤ ግን ልጅቷ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ተራራ ሲባል "እኔ አልሄድም" ትል ነበር።

አሁን ስሌቱ የሚሰጠንን ሰዓት በሁለት ተኩል እናበዛለን። ጠዋት በጊዜ እንወጣለን። የመመለሻ ሰዓታችንንም ከቤት ሳንወጣ እንቆርጣለን። ያ ሰዓት ከደረሰ ጫፉ በዓይን እየታየም ቢሆን እንመለሳለን። ይህን ለባለቤትሽ ቀድመሽ ንገሪው። መንገድ ላይ ከተነሳ ጭቅጭቁ ልጆቹ ፊት ነው የሚሆነው። ጫፉ ላይ መድረስ ካማረው ሌላ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ይውጣ፤ ሲመለስ ደግሞ ለልጆቹ ያውራላቸው።

ለትልቁ ልጅ መድኃኒቱ ሥራ ነው። ካርታው እሱ እጅ ይሁን፤ ኔትወርክ ቢጠፋም እንዲሠራ ቤት እያላችሁ ስልኩ ላይ አውርዱለት። ሰዓት ጠባቂም አድርጊው። ክንዱን ዘርግቶ ጣቶቹን አግድም አጋድሞ ከአድማሱ እስከ ፀሐይዋ ስር ስንት ጣት እንዳለ ይቁጠር። አንድ ጣት በግምት 15 ደቂቃ ነው፤ አራት ጣት ካለ ለመጥለቅ አንድ ሰዓት ገደማ ቀርቷል ማለት ነው። ፀሐይዋን ትኩር ብሎ እንዳያይ ግን አደራ። ልጄ ይህን ከተማረች ወዲህ "ሦስት ጣት ቀረን!" እያለች የምታጣድፈን እሷ ሆናለች።

ስለ ልብስ ብዙ አላወራም። የጥጥ ቲሸርት ላብ ከጠጣ ቶሎ አይደርቅም፤ ቁጭ ሲሉ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሻላል። ለየልጁ አንድ ትርፍ ካልሲ ያዢ። አዲስ ጫማ አድርጎ የሚወጣ ልጅ እግሩ ውሃ መቋጠሩ አይቀርም። ጫማው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥና መንገድ ላይ ይለመድ። "እዚህ ጋ እያቃጠለኝ ነው" ካሉሽ ደግሞ እዚያው ቁሚና ፕላስተር ለጥፊበት። ትንሽ እንሂድና እናየዋለን ካልሽ ውሃ ቋጥሮ ታገኚዋለሽ።

ይህን ግን እባክሽ አትዝለይው። ለየልጁ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል ፊሽካ ግዢለት። ከጠፋ ካለበት እንዳይነቃነቅ፣ አንድ ዛፍ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲነፋ አስተምሪው። ሦስት ፊሽካ በብዙ አገር የድረሱልኝ ጥሪ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የ9 ዓመት ልጅ ተራራ ላይ ጠፍቶ ከሞተ በኋላ ነው "ዛፍ እቀፍ" የሚባለው የልጆች ትምህርት የተጀመረው። የጠፋ ልጅ መንገድ ፍለጋ እየራቀ ስለሚሄድ ፈላጊዎቹ ያለፉበት ቦታ ላይ አያገኙትም። እኛ ይህን ከቤት ሳንወጣ እንደ ጨዋታ እንለማመደዋለን፤ ትንሹ ፊሽካውን ይነፋል፣ እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ድምፁን ተከትለን እንፈልገዋለን።

መብረቅ ሲኖር ግን ዛፍ መጠለያ አይሆንም። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ጉዞው አበቃ፤ ከፍ ካለው ቦታ ወርዳችሁ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ትንሿ ትችለዋለች ወይ ላልሽው፣ ትችላለች። 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ መሀሉ ላይ ውሃ ወይም የሚወጡበት ድንጋይ ያለው መንገድ ምረጪ። ሳይርባት ብስኩት፣ ሳይጠማት ውሃ ስጫት። አዝላችኋት የምትወርዱበት ጉልበት ደግሞ ይትረፋችሁ፤ ስትመለሱ እዘሉኝ ማለቷ አይቀርም።

ስትወጡ የምትሄዱበትን መንገድና የምትመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሩ። ስትገቡም መግባታችሁን አሳውቁት። እኛ አንድ ጊዜ ደክሞን፣ ስልካችን ተዘግቶ፣ ሳንደውል ተኛን። እናቴ እስከ እኩለ ሌሊት ስትደውል አምሽታ በመጨረሻ ራሷ መጥታ በራችንን አንኳኳች።