ባለቤቴ ማንን እንደምትመርጥ አትነግረኝም

«የምጽፍልዎት ከጅማ ነው። ከተጋባን 19 ዓመት ሆነን፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ መምህርት ናት። እኔ መርካቶ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። እስከ ዛሬ በመካከላችን የተደበቀ ነገር አልነበረም። ምርጫው ከተቃረበ ወዲህ ግን ማንን እንደምትመርጥ ስጠይቃት ‹እሱ የኔ ነው› ትለኛለች። ወንድሟ የሌላኛው ወገን ደጋፊ ነው። እሑድ እሑድ ሲመጣ ቡና ላይ እንጨቃጨቃለን። እሷ ቶናውን ቀድታ ትነሳለች፤ በረካውን አትጠጣም። የምርጫ ካርድ ሁለታችንም ወስደናል፤ እንዳይጠፋባት ብዬ የሷንም መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። በ1997 ታላቅ ወንድሜ ታስሮ ቤተሰባችን ምን እንዳየ ታውቃለች። ሀገር እንዲህ ሆና ሚስት ከባሏ ትደብቃለች? ምን ብዬ ላናግራት?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ላይ የባለቤትዎ ዝምታ ነበር ያሳሰበኝ። ኋላ ግን «እንዳይጠፋባት ብዬ» ከምትለዋ ቃል ማለፍ አቃተኝ። የስንት ተማሪ ማርክ ሳትጥል የምትይዝ መምህርት አንዲት ካርድ ትጥላለች ብለው የሰጉ አይመስለኝም። ክፋት አስበዋል አልልም። ግን ካርዱ ላይ ያለው ስም የእሷ ነው፣ ቁልፉ ያለው ደግሞ እርስዎ ጋ። እሷ ይህን ያላስተዋለች ይመስልዎታል?

የተደበቀ ነገርና የግል ነገር ይለያያሉ። ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥ የተደረገው መንግሥትን በመፍራት ብቻ አይደለም። እንግሊዝ በ1872 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ይህን አሠራር ስትቀበል አንዱ ትልቅ ጭንቀት የመሬት ባለቤቱ ጭሰኛውን፣ አሠሪው ሠራተኛውን ፊት ለፊት እያየ ድምፁን እንዳይወስድበት ነበር። ያስፈሩ የነበሩት እንጀራ የሚበላባቸው ሰዎች ናቸው። ቅርብ ሰዎች። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ምርጫ በምስጢር ድምፅ አሰጣጥ ይካሄዳል ሲል ለባለትዳር ብሎ የተወው ነገር የለም። እርዳታ ያስፈለገው መራጭ ካልሆነ በቀር፣ ምልክት የሚደረግበት ቦታ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ባል ውጭ ይጠብቃል።

አሁን ወደ ቡናው ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ ያሰብኩበት እሱን ነው። ደብዳቤዎ ውስጥ እርስዎ የሚሉት አለ፣ ወንድሟም የሚከራከረው አለ። እሷ ያለችው ግን ሦስት ቃል ነው። ጅማ ውስጥ ሰው በረካ ሳይጠጣ ሲነሳ ነገር እንዳለ ያውቃሉ። እሷ ተቀይማችሁ ቢሆን ኖሮ ግን ከመነሻው ቡናውን አታፈላም ነበር። በሚቀጥለው እሑድም ረከቦቱን አትዘረጋም ነበር። እሷ ግን አቦሉን ታጠጣችኋለች፣ ቶናውንም ትቀዳለች፣ ከዚያ መስማቱ ሲከብዳት ትነሳለች።

እስቲ በእሷ ቦታ ይቀመጡ። በአንድ በኩል ባሏ፣ በሌላ በኩል የእናቷ ልጅ። የማንንም ፓርቲ ስም ብትጠራ አንዳችሁ ከዚያ ቡና ትቀራላችሁ። እንደኔ ግምት ባለቤትዎ ዝም ያለችው ሁለታችሁንም ላለማጣት ነው። እርስዎ መደበቅ ያሉት ነገር ያንን ቤት አንድ ላይ ያቆመው ምሰሶ ሊሆን ይችላል። ብቻዋን ነው የተሸከመችው፤ ይከብዳል። ደግሞም «ማንን ትመርጫለሽ?» ብለው ደጋግመው ጠይቀዋታል። «ምን ያሰጋሻል?» ብለው ጠይቀዋት ያውቃሉ? ዴሞክራሲ ታመመ ሲባል ኮሮጆ ሲገለበጥ ነው የሚታየን። አንዲት ሴት በገዛ ቤቷ ሐሳቧን ውጣ ቡና ስትቀዳም ታሟል።

የወንድምዎን መታሰር በአንድ መስመር አልፈውታል። እኔ ግን ደብዳቤውን ያጻፈዎት እሱ ይመስለኛል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችን ሞት መዝግቧል፤ የታሰረው በብዙ ሺህ ነው። ያንን ጊዜ በቤቱ ያየ ሰው ምርጫ በመጣ ቁጥር በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ፍርሃት ሲይዘን ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከጎናችን መሰለፉን ማረጋገጥ እንፈልጋለን። እርስዎ የፈለጉት ድምጿን ሳይሆን «አይዞህ፣ አብሬህ ነኝ» እንድትልዎት ይመስለኛል። ይህን ግን አልጠየቋትም። የጠየቋት የፓርቲ ስም ነው።

ምን ላድርግ ላሉት፣ ዛሬ ማታ ካርዷን ይመልሱላት። ብዙ ንግግር አያስፈልገውም። ከወንድሟ ጋር ያለውን ክርክር ቢያንስ ምርጫው እስኪያልፍ ከቡናው ላይ ያንሱት። ይሳካል ብዬ ቃል አልገባም፤ ይሞክሩት። ስለ ወንድምዎ ግን ያውሯት፤ ያኔ ምን እንደተሰማዎት፣ አሁን ምን እንደሚያስፈራዎት። ወዲያው መልስ አይጠብቁ። በሳምንታት የተጠራቀመ ዝምታ በአንድ ምሽት አይፈታም።

እንቅልፍ የሚነሳዎት ወይም ንዴቱ ከእጅዎ የሚያመልጥ ከሆነ ነገሩ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ቅርብዎ ነው። አብራችሁ ብትሄዱ ደስ ይለኛል። እሷ ባትፈልግ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ።

ካርዱን ሲሰጧት ደግሞ፣ አደራ፣ የት እንደምታስቀምጠው አይጠይቋት።