«ነፃ» ከተባለ በኋላ ያለው ወጪ

ለኮንሰርቫቶሪ (ለከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) መግቢያ ፈተና ለምትዘጋጁ ልጆቼ፣

የምትጠይቁኝ ሁሌም ስለ ፈተናው ነው። የትኛውን ኮንቼርቶ (ለአንድ መሣሪያና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ) ላቅርብ፣ ዳኞቹ መሀል ላይ ቢያስቆሙኝስ ትላላችሁ። ስለ ቤት ኪራይ የጠየቀኝ የለም። እኔም በእናንተ ዕድሜ አልጠየቅሁም። ማለፌን የሚነግረው ደብዳቤ ላይ የትምህርት ክፍያ እንደማይመለከተኝ ሳነብ፣ ሌላው ሁሉ ያለቀለት መሰለኝ።

ክፍያ የማይጠይቁ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች በእርግጥ አሉ። በአሜሪካ የፊላደልፊያው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከርቲስ ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። በጀርመን ያሉት የመንግሥት የሙዚቃ ከፍተኛ ተቋማትም አብዛኞቹ የሚቀበሉት አነስተኛ የሴሚስተር መዋጮ ነው፤ ባደን ቩርተምበርግ የተባለው የጀርመን ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣን ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። እንደ ሎስ አንጀለሱ ኮልበርን መኝታና ምግብ ጭምር የሚችሉት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። በሌላው ቦታ የሚያጎርሳችሁና የሚያስጠልላችሁ የራሳችሁ ኪስ ነው።

የኔ ኪስ አልቻለም። ከትምህርት ቤቱ ርቆ ርካሽ ክፍል ተከራየሁ፣ ማታ ማታ ሰሃን አጥብ ነበር። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው የግራ እጁ ጣቶች ጫፍ ላይ ጠንካራ ቆዳ ያበጃል፤ ክሩን የሚችለው እሱ ነው። ያ ቆዳ ሌሊቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሲርስ ያድርና ጠዋት ይላላል። ቀጭኗ ክር ስትገባበት ያማል፣ ድምፁም ይደክማል። መምህሬ አልተለማመድክም ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነበር፤ የልምምዱን ሰዓት ለኪራይ ሸጬዋለሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዓመት ነው።

ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ዕድል ከተቀበላችሁ በኋላ ሳይሆን ከመቀበላችሁ በፊት ወጪውን አስሉ። ክር ያልቃል፣ የደጋኑ የፈረስ ፀጉር ይቀየራል፣ መሣሪያው መድን ይፈልጋል፣ ለፈተና የሚያጅባችሁ ፒያኖ ተጫዋችም አንዳንዴ በሰዓት ይከፈለዋል። «እሠራለሁ» አትበሉ። በአሜሪካ የኤፍ ዋን ተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው ትምህርት እየተሰጠ ባለበት ጊዜ ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራት የሚችለው በግቢው ውስጥ፣ በሳምንት ቢበዛ 20 ሰዓት ነው። የቤት ኪራይን በዚያ ገቢ ላይ መመሥረት አይቻልም።

የሰጧችሁ ድጋፍ ካልበቃ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጎደሎውን በቁጥር ጽፋችሁ ይጨመርልኝ በሉ። ነውር የለውም፤ ቢበዛ አይሆንም ይሏችኋል። ክፍል ስትመርጡም ጠባብ ቢሆን ቅርብ የሆነውን ውሰዱ፤ ጎረቤት ማታ ላይ መጫወት ቢከለክላችሁ፣ ወደ ልምምድ ክፍል በእግር መሄድ ትችላላችሁ።

እነዚህን ሁሉ የሚነግራችሁ ደግሞ ዝነኛው ምሩቅ አይደለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ፣ እንደናንተ ያለ ቤተሰብ ልጅ ፈልጉና ወር ሲገባደድ ምን እንደሚበላ፣ የልምምድ ክፍሉ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቁት።