ስኪል ጽፈህ ኤጀንቱ ካልተጠቀመበት መጀመሪያ መግለጫውን እይ

ወንድሜ፣ «ወደ 30 የሚጠጉ የስኪል ፋይሎች አሉኝ፤ ኤጀንቱ ግን ግማሾቹን ጭራሽ አይነካቸውም፤ ፎልደሮቹን እንዴት ላደራጅ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ብዙ የደከምኩበት ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ለማያውቅ አንባቢ፦ ስኪል ማለት ኤጀንቱ፣ ማለትም ሥራ በራሱ የሚያከናውን የኤአይ ረዳት፣ አንድን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው የመመሪያ ፎልደር ነው። ፎልደሩን ከመነካካትህ በፊት መግለጫዎቹን አንድ በአንድ አንብባቸው።

ኤጀንቱ ሥራ ሲጀምር የሚያየው በየፋይሉ አናት ላይ ያለውን ስምና መግለጫ ብቻ ነው። የውስጡን መመሪያ የሚከፍተው መግለጫው ከተጠየቀው ሥራ ጋር ሲገጥምለት ነው። የእኔ አንዱ ስኪል መግለጫ «በፒዲኤፍ ሥራ ያግዛል» ይል ስለነበር አንድም ቀን አልተነሳም። «ከፒዲኤፍ ላይ ሠንጠረዥ አውጥቶ ወደ ሲኤስቪ (የሠንጠረዥ ጽሑፍ ፋይል) ይቀይራል፤ ተጠቃሚው ቅጽ፣ ደረሰኝ ወይም ሪፖርት ሲልክ ተጠቀምበት» ብዬ ስጽፈው ግን መነሳት ጀመረ። ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚያስፈልግም፣ ያውም ሰው በሚጠይቅበት ቃል ጻፈው። ለመግለጫው እስከ 1024 ፊደል ይፈቀዳል። የስኪሉ ስም ከ64 ፊደል አይለፍ፤ ከፎልደሩም ስም ጋር አንድ ይሁን።

ቀኔን ሙሉ የበላብኝ ስህተት ደግሞ ይኸውልህ፦ መግለጫው በጥቅስ ምልክት ሳይታቀፍ ውስጡ ኮለንና ክፍት ቦታ ከገባበት ያምሉ (YAML፣ ስሙና መግለጫው የሚጻፉበት ቅርጸት) አይነበብም፤ ስኪሉም ሳይጫን ሊቀር ይችላል። ሁልጊዜ በጥቅስ እቀፈው።

ወደ ስክሪፕቶቹ ስንመጣ፣ ረጅም ኮድ መመሪያው ውስጥ አትለጥፍ። ለብቻው ፋይል አድርገውና መመሪያው «ይህን አሂድ» ይበል። ኤጀንቱ ኮዱን ሳያነብ ውጤቱን ብቻ ስለሚቀበል ኮንቴክስቱ (በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ጽሑፍ) አይጨናነቅም። አይቶ እንዲኮርጀው ያስቀመጥከው ናሙና ከሆነ ግን «አንብበው እንጂ አታሂደው» ብለህ በግልጽ ጻፍ። እኔ ይህን ሳልለይ ትቼው ኤጀንቱ ናሙናውን እንዳለ አሂዶ የሙከራ ቁጥሮች የሞሉበት ሪፖርት አስረክቦኛል። ከየስክሪፕቱ ጎን አነስተኛ የግብዓት ፋይልና የሚጠበቀውን ውጤት አኑር፤ የሆነ ቀን ሲበላሽ ወዲያው ታውቃለህ። በራስህ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚገኝ የፋይል አድራሻም አይኑርበት።

መመሪያው ያለበትን ዋናውን ፋይል (SKILL.md) ከ500 መስመር በታች አድርገው። የተረፈውን ዝርዝር ወደ ሌላ ፋይል አውጣና ከዋናው በቀጥታ ጠቁመው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው የሚመራ ከሆነ ኤጀንቱ መሃል ላይ ሊተወው ይችላል።

ለጊዜው ከማይነሱት ውስጥ ሦስቱን ምረጥ፣ መግለጫቸውን አድስ፣ በአዲስ ቻት ሞክራቸው። ካልሠሩ የቀድሞውንም የአዲሱንም መግለጫ እዚህ ለጥፍና አብረን እናያቸዋለን።