ማስጠንቀቂያው በመንገዱ ልክ ይሁን

ወንድሜ፣ ከጎንደር ወደ መተማ፣ ደባርቅና አዲስ አበባ ለሚመላለሱት የጭነት መኪናዎችህ ጂፒኤስ (የመኪናውን ቦታና ፍጥነት የሚከታተል መሣሪያ) ማስገጠም ለደኅንነት ይጠቅማል ወይ፣ ሻጩ የሚያባብልህን ከሩቅ ሞተር ማጥፊያስ ልጨምር ወይ ብለሃል። አዘዞ ላይ የመኪና ስምሪት ስለምሠራ ከማየው ልንገርህ።

ጂፒኤሱን አስገጥም። ሞተር ማጥፊያውን ግን መኪናው እየሄደ እንዳይሠራ ተደርጎ ካልተገጠመ አትንካው። ቁልቁለት ላይ ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ የንፋስ ፍሬኑም የሚሞላለት አያገኝም። ሌባ እይዛለሁ ብለህ ሰውና ንብረት ገደል ትሰዳለህ። የቆመ መኪና እንዳይነሳ ማድረግ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ይጠቅማል።

ዋናው ጉዳይ የፍጥነት ማስጠንቀቂያው ነው። አብዛኛው ባለንብረት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ይጩህ ብሎ ይተወዋል። 80 ለፎገራ ሜዳ ነው እንጂ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሚወርደው ሊማሊሞ ላይ የዚያ ግማሽ እንኳ እብደት ነው። ደጀንና ጎሃ ጽዮን መካከል ያለው የዓባይ በረሃም እንደዚሁ። ስለዚህ ገጣሚው ካርታው ላይ ለእነዚህ ቁልቁለቶች ወሰን አስምሮ ለየብቻ ልክ ያውጣላቸው። ይህን አላውቅም ካለህ ሌላ ገጣሚ ፈልግ።

አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ መሣሪያው የሞተሩን ዙርም ያነባል። ሊማሊሞ ላይ ፍጥነቱ እየጨመረ የሞተሩ ዙር ግን እንደቆመ መኪና ዝቅ ብሎ ካየህ፣ ሹፌሩ ናፍጣ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ እየወረደ ነው። ሞተሩ መኪናውን ስለማይገታው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን የሚቃጠለው እንዲህ ነው። የፍጥነቱ ቁጥር ብቻውን ይህን አይነግርህም። ያን ጊዜ ታዲያ ስልክ አንስተህ አትጩህበት። ኩርባ ላይ ያለ ሹፌር ስልክ ከሚያነሳ ባያነሳ ይሻላል። ሲመለስ መሣሪያው የመዘገበውን አሳየውና ተነጋገሩ። ነገ ጠዋት ካልደረስክ እያልክ የምትወተውተው አንተ ከሆንክ ደግሞ ወቀሳውን ከራስህ ጀምር፤ ያለ እረፍት የነዳበት ሰዓትም እዚያው ተመዝግቧል።

የናፍጣ መለኪያው ላይ አትቸኩል። ቁልቁለት ላይ ናፍጣው ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል የጎደለ ይመስላል። ሰው ሌባ ከማለትህ በፊት ሜዳ ላይ ቆሞ የተነበበውን እይ።

መተማ መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ መኪናው የጠፋ እንዳይመስልህ። መሣሪያው ቦታውን የሚያውቀው ከሳተላይት ነው፤ የስልክ መስመሩ ለመላኪያ ብቻ ያስፈልገዋል። ደህና መሣሪያ ያለፈበትን መዝግቦ ይይዝና ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል። ይህን መቻሉን ሳትከፍል ጠይቅ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቦታውን የሚመልስ ከሆነ ደግሞ በእኛ አካባቢ ጥቅሙ እጥፍ ነው። የሲም ካርዱ ሂሳብ እንዳያልቅ አንድ ሰው በኃላፊነት ይያዘው።

መኪናዎችህ ምን ዓይነትና የስንት ዓመተ ምሕረት ምርት እንደሆኑ ጻፍልን። አሮጌዎቹ የሞተር ዙር ስለማይሰጡ ለእነርሱ ውዱን መሣሪያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።