ለሼቬሉ ጠያቂ፦ ሞተሩን እንዳታስወርድ

ወንድሜ፣ «የሼቭሮሌትን የ1970 ሼቬል ኤስኤስ 396 ገዛሁ፤ ወረቀቱ 350 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ የጉልበት መለኪያ ማሽን ላይ ሲወጣ ግን 238 ብቻ አሳየ፤ ተታልያለሁ ወይስ ሞተሩ ሞቷል?» ብለህ የጠየቅኸውን ሳነብ የራሴ ቁስል አመረቀዘ። አልተታለልህም፤ ሞተርህም አልሞተም። አሁን የሚያስፈራኝ የምትሄድበት ጋራዥ ነው።

1. 350 እና 238 በአንድ ሚዛን የተለኩ ቁጥሮች አይደሉም። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ሞተሩን ከመኪናው ውጭ አስረው፣ ያለ አየር ማጣሪያ፣ ያለ ዲናሞ፣ ያለ ማርሚታ ይለኩት ነበር። ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ደመወዝን እንደማውራት ነው። ሁሉም ወደ ተጣራው ቁጥር የዞሩት ከ1972 ሞዴል ጀምሮ ነው። በ1971 ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ስለወጡ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ የሼቭሮሌት ኮርቬቱ 454 ሞተር (ቁጥሩ በኪዩቢክ ኢንች የሞተሩ መጠን ነው) ያልተጣራው 365፣ የተጣራው 285። የክራይስለር 426 ሄሚ ሞተርም ከ425 ወደ 350 ወረደ፤ አንድ ብሎን ሳይፈታ! ያንተ ማሽን ደግሞ የለካው ጎማው ላይ ነው፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ። 238 ጥሩ ነው። እንዲያውም ቀንቻለሁ።

2. ፋብሪካው ሁልጊዜ ያጋንናል ብለህም አትደምድም። በኢንሹራንስና በውድድር ምድብ ምክንያት ሆን ተብሎ የተቀነሰም አለ። ሼቭሮሌት ለውድድር የሠራውን ኤል88 የተባለውን አስፈሪ ሞተር 430 ፈረስ ብሎ፣ ከእርሱ የሚያንሰውን ሌላ 427 ሞተር 435 ብሎታል። መኪናህ ላይ የተለጠፈው 396 ራሱ በ1970 እውነተኛ መጠኑ 402 ኪዩቢክ ኢንች ነበር፤ ስሙ ስለታወቀ ብቻ አልቀየሩትም።

3. ሞተር ከማስወረድህ በፊት ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን) እይ። እኔ አላየሁም። የ1967 ፖንቲያክ ፋየርበርድ 400 አለኝ፤ ወረቀቱ 325 ይላል፣ ማሽኑ 205 አለ። እዚህ ቨርጂኒያ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ሰውየው ኮፈኑን ሳይከፍት «ይህ ሞተር አልቋል» አለ። ጥያቄ የምጠይቀው እኔ፣ መልሱን የሚሰጠው አብሮኝ ለመጣው ፈረንጅ ጎረቤቴ! መኪናው የእኔ መሆኑን ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ያም ሆኖ ፈረምኩ። የፒስተኑ ፋሻ ተቀየረ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተላገ፣ አራት ወር ቆየ፣ 6,800 ዶላር ከፈልኩ። ማሽን ላይ ወጣ፦ 211። ስድስት ፈረስ። ሰውየው «ያረጀ መኪና ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?» ብሎኝ ስልኩን ማየት ቀጠለ።

ቅዳሜ ጠዋት ተናድጄ የአየር ማጣሪያውን ፈታሁ። ሞተሩን አሙቄ አጠፋሁና ልጄን የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ርገጪ አልኳት። ኳድራጄት የሚባል ባለ አራት ቀዳዳ ካርቡሬተር ነው፤ ከኋላ ያለውን የላይ ክዳን በጣቴ ገፍቼ በባትሪ አየሁ። የፊተኞቹ ሁለት ቢራቢሮዎች (አየር የሚያስገቡት ተከፋች ክዳኖች) ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የኋለኞቹ በከፊል እንደተዘጋ መስኮት ዘመው ቀርተዋል። ማያያዣው ላይ የጣት ጥፍር የምታክል የብረት ምላስ አግዳቸዋለች። እሷን የሠራት ራሱ ፋብሪካው ነው! ጄኔራል ሞተርስ ከኮርቬት በስተቀር ለአንድ የፈረስ ጉልበት ቢያንስ 10 ፓውንድ ክብደት ይኑር የሚል ደንብ ስለነበረው፣ ፖንቲያክ ቀላሉን ፋየርበርድ በዚህች ምላስ አስሮ 325 አለው። በፒንሳ አጠፍኳት። የሚቀጥለው ሳምንት 236።

ሼቬል ላይ ይህች ምላስ የለችም፤ ነገር ግን ከፔዳሉ ሥር የገባ ወፍራም ምንጣፍ ወይም የላላ ማያያዣ ያንኑ ይሠራል። አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልህ፣ አንተ ከላይ እይ። መኪናው ውስጥ ሆነህ በእግርህ ብቻ ልታውቀው አትችልም፤ ፔዳሉ ወለል ነክቶ እንኳ ቢራቢሮው ላይከፈት ይችላል። ከዚያ የማቀጣጠያውን ጊዜ (ሻማው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) አስለካ፤ ዋጋው ከሞተር እድሳት ጋር አይወዳደርም።

ለመሆኑ ካምቢዮው በእጅ ነው ወይስ አውቶማቲክ? እሱን አልጻፍህም። አውቶማቲክ የበለጠ ጉልበት ይበላልና፣ አውቶማቲክ ሆኖ 238 አውጥቶ ከሆነ ቅሬታህ ራሱ ያናድደኛል።