ስልኬ ጣና ውስጥ ቢገባስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ቱሪስት በጀልባ ወደ ዘጌ አመላልሳለሁ። ደንበኛ የማገኘው በጂሜይልና ከረዳቴ ጋር በምናንቀሳቅሰው የቴሌግራም ቻናል ነው። ሰሞኑን የአንድ ባልደረባዬ ቴሌግራም ተጠልፎ በስሙ ብር ሲለምኑበት ከረሙ። ሰው ሁሉ «ሁለተኛ ማረጋገጫ አስገባ» ይለኛል። ግን ሐይቁ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ ኮዱ እንዴት ይደርሰኛል? ስልኬ ውሃ ውስጥ ቢወድቅስ? ኦተንቲኬተር የሚሉትን የመግቢያ ኮድ የሚያወጣ አፕ ጭኜ ሞክሬ ነበር፤ ቁጥሩን ሳስገባ «ስህተት ነው» ይለኛል።
ባለ ጀልባው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የስልክህን ሰዓት በእጅህ ወደ ሐበሻ ሰዓት መልሰኸዋል አይደል? «ኮዱ አልሠራም» ብሎ የሚመጣ ሰው ስልክ ላይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ኦተንቲኬተር ቁጥሩን ከኔትወርክ አያመጣም። መጀመሪያ ስታስገባው በካሜራ ያነበብከው ምስጢራዊ ቁልፍ አለ። እሱንና ሰዓቱን ይዞ በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ቁጥር ያሰላል። ጎግልም በበኩሉ ያንኑ ያሰላል። ሰዓትህ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ከቀረ ሁለታችሁ መቼም አትገናኙም። ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርገው። የሐበሻ ሰዓት ካላየሁ አይሆንልኝም ካልክ፣ የሚያሳይ አፕ ጫን።

ስለዚህ መሃል ሐይቅ ላይም ሆነህ ቁጥሩ ይወጣልሃል። ጂሜይሉን ለመክፈት ኢንተርኔት ያስፈልግሃል እንጂ ኤስኤምኤስ ስትጠብቅ አትውልም።

ቴሌግራም ላይ ሁለተኛው ቁልፍ አንተው የምታወጣው የይለፍ ቃል ነው። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን። ማስመለሻ ኢሜይል ሲጠይቅህ አትዝለለው። ብዙ ሰው የሚጠለፈው የሚያውቀው ሰው «ለልጄ ድምፅ ስጥልኝ» ብሎ ሊንክ ሲልክለት፣ ወይም «ኮድ በስህተት አንተ ጋ መጥቷል» ሲለው ነው። የመግቢያ ኮዱን ብቻ ያገኘ ሌባ የይለፍ ቃሉ ላይ ይቆማል። እሱንም ለምኖህ ከሰጠኸው ግን እኔ ምን ልበልህ?

ወደ ውሃው እንምጣ። ምትክ ሲም መታወቂያህን ይዘህ ታስወጣለህ። ለጂሜይሉ ግን ጎግል 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጥሃል፤ እያንዳንዱ ባለ 8 አሃዝ ነው፣ የሚሠራውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ ጽፈህ ቤት አስቀምጥ። አጥፈው ስልኩ ከቨር ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ አብሮ ሊሰምጥ!

ለረዳትህ የራስህን አካውንት የይለፍ ቃል ሰጥተኸው ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው። ቻናሉ ላይ አድሚን ብታደርገው ይበቃዋል።