እኔም የምገፋ ሰው ነኝ፤ ታዲያ እንዴት ዕድለኛ ተባልኩ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥቁር ሴት ነኝ፤ የምኖረው አብዛኛው ሰው ነጭ በሆነበት አገር ነው። ልብስ ልገዛ ስገባ ጥበቃው ከኋላዬ ይከተለኛል። ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ሐሳብ የሚሰማው ሌላ ሰው ሲደግመው ነው። በሌላ በኩል ወላጆቼ ደህና ገቢ ነበራቸው፤ ትምህርቴንም ያለ ዕዳ ጨርሻለሁ። በቀደም ቢሯችንን ከምታጸዳው ልጅ ጋር ስናወራ ስለ ዘረኝነት አማረርኩላት፤ እሷም ጥቁር ናት። «ይገባኛል፤ አንቺ ግን ዕድለኛ ነሽ» አለችኝ። ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። በቆዳዬ ቀለም የምበደል ሰው እንዴት ዕድለኛ እባላለሁ? የለፋሁበትስ?

መልስ፦ እህታችን፣ አንቺም ልክ ነሽ፣ እሷም ልክ ናት።

መጀመሪያ ያንቺን እንይ፤ ምክንያቱም «ዝም ብለሽ ነው፣ አጋነንሽው» የሚሉሽ ሰዎች እንደማይጠፉ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ቦስተንና ቺካጎ ላሉ ቀጣሪዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ የፈጠራ ሲቪዎች ላኩ። ስሞቹን ያደሉት በዕጣ ነው። የነጭ የሚመስል ስም የያዘው በአማካይ 10 ሲቪ ልኮ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ የጥቁር የሚመስል ስም የያዘው 15 ያህል መላክ ነበረበት። እኔን የበለጠ ያናደደኝ ሌላው ውጤት ነው። ሲቪው ላይ ልምድና ችሎታ ሲጨመር ለነጭ ስሞች ጥሪው በደንብ ከፍ አለ፤ ለጥቁር ስሞች ግን ብዙም ፈቅ አላለም። «የለፋሁበትስ?» ላልሽው መልሱ እዚህ አለ፦ ለፍተሻል፣ ግን እኩል ለፍቶ እኩል ማግኘት አልነበረም።

ገንዘብ የማያድንበት ቦታም አለ። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መሣሪያው የኦክስጅን እጥረትን ሳያሳይ ያለፈባቸው ጥቁር ታካሚዎች በመቶኛ ሲሰላ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ይጠጋሉ። እዚያ አልጋ ላይ አንቺና ያቺ ልጅ እኩል ናችሁ።

ከአልጋው ስትነሱ ግን እኩልነቱ ያበቃል።

እኔ ዕድልን የምለካው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ነገር ሲበላሽ ስንት ያስከፍልሻል? አንቺ ብታሚ ቤት ተኝተሽ ደሞዝሽ ይገባል፤ እሷ የቀን ሒሳቧ ሊቆረጥ ይችላል። አለቃሽ ቢያመናጭቅሽ ሥራውን ለቀሽ ሌላ እስክታገኚ የምትጠጊበት ቤተሰብ አለሽ፤ እሷ ግን ኪራይ ስላለባት ትውጠዋለች። ጥበቃው ሲከተልሽ ኃላፊው ይጠራልኝ ማለት ትችያለሽ፣ ቅሬታ መጻፍም ታውቂበታለሽ፣ ይቅርታ ሊጠይቁሽ የሚችሉበት ዕድልም ሰፊ ነው። እሷንም እኮ ያው ጥበቃ ይከተላታል።

ስለ ስብሰባውም አንድ ነገር ልበልሽ፣ ከፍቶሽ ከሆነም ቻይኝ። አንቺ ሐሳቤ አልተሰማም ብለሽ ስትወጪ፣ እሷ ወደዚያ ክፍል የምትገባው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ ብርጭቆ ትሰበስባለች፣ ጠረጴዛ ትወለውላለች፣ ወንበር ትመልሳለች፣ ቆሻሻውን ይዛ ትወጣለች። ስለዚያ መሥሪያ ቤት ሐሳብ ይኑራት አይኑራት የጠየቃት የለም። ምናልባት ከሁላችሁም በላይ ታውቀው ይሆናል።

«ዕድለኛ ነሽ» ስትልሽ በደልሽን አልካደችም። መጀመሪያ «ይገባኛል» ነው ያለችሽ፤ አንቺ ያንን ዘለሽ ሁለተኛው ላይ ተሰክተሽ ቀረሽ። የሰማሽው ወቀሳ ነው፣ እሷ የነገረችሽ ግን የራሷን ኑሮ ነው።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ይቅርታ ጠይቂያት አልልሽም፤ ስጦታም ይዘሽላት አትሂጂ። ይቅርታሽን ስትቀበል ደግሞ አንቺን ማጽናናት ሌላ ሥራ ይሆንባታል። በሚቀጥለው ስትገናኙ የራስሽን ትተሽ የሷን ስሚ። የቀጠራት መሥሪያ ቤታችሁ ነው ወይስ ኤጀንሲ? ስትታመም ይከፈላታል? አንቺ የምትቀመጪበት ስብሰባ ላይ የጽዳት ውሉ ሲነሳ ይህንን መናገር ትችያለሽ። ግን ከመናገርሽ በፊት እሷን አስፈቅጂ፤ ነገሩ ቢበላሽ ከሥራ የምትባረረው እሷ ናትና።